ተጋጣሚ ፍለጋ

የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 28 ሜትር ነው። የቴኒስ ሜዳ ደግሞ 23.77። ሁለቱን ስትቀናንሱ 4.23 ይተርፋል። ለሁለት ክፈሉት። ከእያንዳንዱ የኋላ መስመር ጀርባ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ገደማ ይደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ በአንደኛው ጫፍ የድንጋይ አጥር አለ፣ በሌላው ጫፍ ባሕር ዛፍ። የእህቴ ልጅ ቴኒስ የተማረችው እዚህ ሁለት ሜትር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን፣ በኖራ በተሰመረ የቅርጫት ኳስ ሜዳ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ ቡድን ትጫወታለች። ይህን የሰማ ሁሉ «እንዴት አድርጋ ሄደች?» ይለኛል። ባጃጅ ውስጥ ተጠይቄያለሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ባጭሩ ለመመለስ ሞክሬ ተሳክቶልኝ አያውቅም። «ጎበዝ ስለሆነች ነው» ማለት ይቀላል። ግን ጎበዝ ልጅ ሞልቷል። የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ከራሴ ልጀምር። የፊዚክስ መምህር ነኝ። በልጅነቴ ሁለት ክረምት አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ከርሜ ነበር። ከቤቱ አጠገብ የቴኒስ ክለብ ስለነበር እንደ ሰፈሩ ልጆች እኔም ኳስ አቀባይ ሆንኩ። ጌቶቹ ተጫውተው ሲሄዱ፣ እኛ ክሩ በላላ ራኬት ዓይን እስኪይዝ እንለጋለን። የማውቃቸው የአዲስ አበባ አሰልጣኞች አብዛኞቹ እንዲሁ ኳስ ከማቀበል የተነሱ ናቸው። እኔ አሰልጣኝ አልሆንኩም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ አገሬ ስመደብ ግን ሁለት ራኬት በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። መጣሁና የሚጫወተኝ ሰው አጣሁ። ራኬቶቹ ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ከረሙ። ባለቤቴ አንዱን በርበሬ እንዳትነፋበት እሰጋ ነበር።

ቴኒስ እንዲህ ነው። ሩጫ ቢሆን ብቻህን ትሮጣለህ። አገራችን የሯጭ አገር ናት፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ ነው። ማለዳ ተነስተህ ብርዱን እየቀዘፍክ ብትሮጥ ማንም ምን ሆነሃል አይልህም። ቴኒስ ግን ከመረቡ ማዶ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ያውም ከአንተ ብዙ ያልበለጠ፣ ብዙም ያላነሰ ሰው።

ሚጣ (ቤት ውስጥ እንዲያ ነው የምንላት) ራኬቱን ከግድግዳው ያወረደችው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አይቼባታለሁ። ለገና ሰሞን ወንዶቹ ሜዳ ላይ ሩር ሲለጉ እሷ ዳር ቆማ ታያለች። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ሴት ልጅ ሩር ስትለጋ ግን የሚቆጣ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሩሩ ወደ እሷ ተንከባልሎ መጣ። የአንዱን ልጅ ዱላ ቀማችና መታችው። ወገቧ ዞረ፣ ትከሻዋ ተከተለ፣ እጇ መጨረሻ መጣ። ማንም አላስተማራትም። እኔ ለሰው ስነግር «ፎርሃንዷ (በመዳፍ በኩል የምትመታው) ከገና ጨዋታ የመጣ ነው» እላለሁ። እሷ ትስቅብኛለች።

ሜዳ አልነበረንም፤ የቅርጫት ኳሱን ለመንን። ኖራ በጥብጠን መስመር አሰመርን። የመረብ ኳስ መረብ ዝቅ አድርገን ወጠርን። የቴኒስ መረብ መሐሉ ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተን አስተካከልን። ዝናብ በመጣ ቁጥር መስመሩ ይታጠባል፣ እንደገና እናሰምራለን።

ኳሱ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ለተማሪዎቼ አስተምሬበታለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። የቴኒስ ኳስ ደግሞ ውስጡ የታመቀ አየር ነው። ውጭው ሲሳሳ ኳሱ ይጠነክራል፣ ይፈናጠራል፣ አየሩም አይዘውም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ደንግጓል። እኛ ጋ ያ ኳስ የለም። ያለን አዲስ አበባ ኳስ አቀባዮች የሚሸጡልኝ አሮጌ ኳስ ነው። እዚያ ሞተ የተባለ ኳስ እኛ ጋ ሲመጣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው ኳሱም አብሮ ይደርቃል፤ ብትመታው አይነሳም። ጠዋት ድንጋይ፣ ቀትር ላይ ፌንጣ። ሚጣ ኳሶቹን ጋቢዋ ውስጥ ታቅፋ ታሞቃቸው ነበር። እናቴ አይታ «ይቺ ልጅ እንቁላል ልታስፈለፍል ነው እንዴ?» አለች።

እናቴን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በቴኒስ የጨዋታው ክፍል «ሴት» ይባላል። ሚጣ ከአዲስ አበባ ስትደውል «አያቴ፣ ሁለት ሴት ለዜሮ አሸነፍኩ» ትላለች። እናቴ ለጎረቤት ታወራለች። «ሁለት ሴት ብቻዋን አሸነፈች አሉ።» ጎረቤት ደግሞ ደንግጦ ይጠይቃል። «ምን አድርገዋት?»

እስከ 12 ዓመቷ የነበራት ተጋጣሚ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥሩ ተጋጣሚ ነበርኩ ማለት አልችልም። ባክሃንዴ (በእጅ ጀርባ በኩል የምመታው) ደካማ ነው፤ ሰርቬ (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ወደ አንድ ቦታ ብቻ ይሄዳል። እሷ ይህን ሁሉ በቃሏ ያዘችው። በ11 ዓመቷ አሸነፈችኝ። ሠፈር ውስጥ ተወራ። እኔም ልቤ አበጠ፤ ልጅቷ ደርሳለች አልኩ። ወደ አዲስ አበባ የታዳጊዎች ውድድር ይዣት ወረድኩ።

6 ለ0፣ 6 ለ1 ተሸነፈች። ያሸነፈቻት ልጅ አጠር ያለች፣ ጉልበትም የሌላት ግራኝ ነበረች። ኳሱን ትቆርጠዋለች እንጂ አትመታውም። ሚጣ ሜዳው ላይ አላለቀሰችም። ላምበረት ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅም አላለቀሰችም። ሰንዳፋን አልፈን አሌልቱ ስንደርስ ወደ መስኮቱ ዞራ አንዲት ነገር ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ እኮ እንደ አንተ አትመታም።»

ሌላ ምንም አላለችም። ሸኖ ላይ ቆሎ ገዝቼ ሰጠኋት። እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚመታ መስሏት ነው ያደገችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቴኒስ ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር። ያስተማርኳት እኔን ማሸነፍ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ተጋጣሚ መፈለግ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን 130 ኪሎ ሜትር እንወርዳለን። ማንንም እንለምናለን። ሽማግሌ፣ ጎረምሳ፣ የኤምባሲ ሰው፣ ኳስ አቀባይ፣ ብቻ ራኬት የያዘ ይሁን። ግራኝ ስናገኝ እንደ ሎተሪ ደስ ይለናል። ለምሳችን በሶ በፌስታል ይዘን እንሄዳለን። የትራንስፖርቱን ወጪ ለባለቤቴ ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም። (አሁን ታነበው ይሆናል። ይቅርታ።)

በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ከተማችን በተፈናቃይ ተሞላች። ሜዳችን ያለበት ግቢም መጠለያ ሆነ። መረቡ ላይ ልብስ ተሰጣበት፣ የሕፃናት ጨርቅ። አንሱልን አላልንም፤ ማንስ ይላል? ሚጣ በዚያ ወር ራኬት አልነካችም። ከእናቷ ጋር እንጀራ ስትጋግር፣ ውኃ ስትቀዳ ነው የከረመችው። ስለዚህ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አንድ ወሬ መጣ። አንጄላ ኦኩቶዪ የምትባል የኬንያ ልጅ በእንግሊዙ ትልቅ የቴኒስ ውድድር፣ በዊምብልደን፣ የታዳጊ ሴቶች ጥንድ አሸነፈች። ጥንዷ የኔዘርላንድ ልጅ፣ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ነበረች። ከኬንያ እንዲህ ያለ ዋንጫ ያነሳ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እኛን ይበልጥ የገረመን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። በቀጥታ ፕሮፌሽናል አልሆነችም። አሜሪካ አላባማ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። እንዴ! ዊምብልደን ያሸነፈች ልጅ ኮሌጅ ምን ትሠራለች? እኔ ኮሌጅ ለወደቀ ተጫዋች ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የግብፅዋ ማያር ሸሪፍ የፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበረች፤ በኋላ ከግብፅ የመጀመሪያዋ የደብሊውቲኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ሻምፒዮን ሆነች። የደቡብ አፍሪካው ኬቨን አንደርሰን ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ዊምብልደን ፍጻሜ ደርሷል። ነገሩ ገባኝ። ፕሮፌሽናል ውድድር ለመዞር አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ አሰልጣኝ፣ ሁሉንም ከኪስህ ነው። ኮሌጅ ግን በየቀኑ ስምንት ዘጠኝ ተጋጣሚ አጠገብህ ያስቀምጥልሃል። ምግብና መኝታ ይጨምርልሃል። ትምህርቱም አለ።

እንግዲህ የእኛ ልጅ እንዴት ትገባለች? እዚህ ላይ ዩቲአር የሚባል ነገር መጣ። ከ1 እስከ 16.5 የሚሄድ የተጫዋች መለኪያ ነው። ዋንጫ አይቆጥርም። የሚያየው ከማን ጋር ተጫወትክ፣ ስንት ጌም (የሴት ክፍልፋይ) አገኘህ የሚለውን ነው። ቢበዛ ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት 30 ግጥሚያ ይወስዳል። ከአንተ በጣም በምትበልጥ ልጅ 6 ለ4፣ 6 ለ4 ብትሸነፍ ቁጥርህ ይወጣል። ደካማዋን 6 ለ3 ብታሸንፍ ሊወርድብህ ይችላል። የአሜሪካ አሰልጣኞች መጀመሪያ የሚከፍቱት ይህን ነው። የሚጣ ገጽ ባዶ ነበር። ከእኔ ጋር የተጫወተችው ሺህ ጌም የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ በጥር 2015 ናይሮቢ ሄድን። እሷ፣ እኔና አንድ ሻንጣ፤ በአውቶቡስ፣ በሞያሌ በኩል። የአይቲኤፍ (የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን) የታዳጊዎች ውድድር ትንሹ ደረጃ ጄ30 ይባላል። ያሸነፈ 30 ነጥብ ያገኛል። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። ከኋላ መስመር ጀርባ ያለው ቦታ ፍየል ያሰማራል። ተጋጣሚዋ ኳሱን ከፍ አድርጋ፣ አጥልቃ ትልካለች። ሚጣ መስመሩ ላይ ተተክላለች። ኳሱ በትከሻዋ፣ በራሷ ላይ ይነሳል። እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ በእጄ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እላለሁ። አታይም። 6 ለ3፣ 6 ለ2። ስትወጣ ተቆጣኋት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። «ይህ ሁሉ ሜዳ እያለልሽ ለምን ወደ ኋላ አትይም?»

«አጥር ያለ እየመሰለኝ ነው።»

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ዙር አለፈች። አራት ግጥሚያ ተመዘገበላት። ወደ አገር ስንመለስ ቁጥር ነበራት። ትንሽ ናት፣ ግን ቁጥር ናት።

ከዚያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርን። 64 አሰልጣኝ ጽፈንላቸዋል፤ መዝገቡ አለኝ። መጀመሪያ ላይ የጻፍንላቸው ዝም ሲሉን የናቁን መስሎን ተከፋን።   ቪዲዮም ላክን፤ ስልኩን በቅርጫት ኳሱ ምሰሶ ላይ በገመድ አስረን የቀረጽነው። አንዱ አሰልጣኝ በትሕትና መለሰ። «ኳስ አመታቷ ደስ ይላል። ግን ሰውየው ማነው? ከእኩያዋ ጋር የተጫወተችው ይኖራል?»

ሰውየው እኔ ነኝ።

በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት። አሰልጣኝ ቢጽፍልን የምናየው አዲስ አበባ ስንወርድ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ማለት ነው። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። መልሳችን ሲዘገይ ፍላጎት የሌላት መስሏቸው የተዉን አሉ። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም በኢንተርኔት ነው የምትፈተነው፤ አዲስ አበባ የጓደኛዬ ቤት ሆና መሐል ላይ መብራት ጠፋ። እንደገና ከፍለን እንደገና ተፈተነች።

ወኪል ነኝ የሚል ሰው ያገኘነውም ያኔ ነው። ቢሮ አለው፣ ከረባት አለው፣ ግድግዳው ላይ የተሳካላቸው ልጆች ፎቶ አለው። ከኮሌጅ አሰልጣኞች ጋር ወንድማማች ነን አለን። የሦስት ወር ደመወዜን ሰጠሁት። የሰጠኝ መልስ ሚጣ ራሷ ከዚያ በፊት የጻፈችላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ነው። ከዚያ ስልኩን ማንሳት አቆመ። እንግዲህ ለወላጅ የምለው ይህን ብቻ ነው። የኮሌጅ አሰልጣኝ ኢሜይል በኮሌጁ ገጽ ላይ በነጻ ተጽፎ ተቀምጧል። ልጅቷ ራሷ ትጻፍ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቢሆንም ከወኪል ደብዳቤ ይልቅ ያንን ያነባሉ።

ደረጃዎቹን ሳንረዳ ብዙ ጊዜ አቃጠልን። ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ነው፤ ሦስት ዲቪዚዮን (ምድብ) አለው። ሦስተኛው በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጥም። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎችም አይሰጡም። ከኤንሲኤኤ ውጭ ኤንኤአይኤ የሚባል ሌላ ማኅበር አለ፤ የሁለት ዓመት ኮሌጆችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። አንድ ለሴት ልጆች የሚጠቅም ነገር ነበር። በዲቪዚዮን አንድ የሴቶች ቴኒስ ቡድን 8 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው፤ የወንዶቹ 4.5 ብቻ፣ ያውም ተከፋፍሎ። ምክንያቱ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የጾታ እኩልነት ሕግ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ የወንዱን ድርሻ ጠቅልሎ ስለሚበላ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ለሴቶች በሌላው ስፖርት ይሰጣሉ። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአዲሱ የፍርድ ቤት ስምምነት የገቡት ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶላቸው በተጫዋች ብዛት ሆኗል። ለቴኒስ 10 ተጫዋች።

የሚጣ ዕጣ ዲቪዚዮን ሁለት ላይ ወጣ። መካከለኛው አሜሪካ፣ ትንሽ ከተማ። አሰልጣኟ ሴት ናት። እሷም እንደ ሌሎቹ «ከማን ጋር ተጫውተሻል?» አለች። ሚጣ ደግሞ የናይሮቢ አራቱን፣ የአዲስ አበባ ሃያውን፣ አንድ በአንድ ጻፈችላት። ማን ግራኝ እንደነበረች፣ ማን እንደቆረጠች፣ በምን እንደተሸነፈች። ከሰው ስም ይልቅ ሽንፈት የበዛበት ደብዳቤ ነበር። እኔ እንዳትልኪው ብያት ነበር። አሰልጣኟ በሦስተኛው ቀን በቪዲዮ ደወለች።

የተሰጣት ስኮላርሺፕ ሙሉ አይደለም። በዓመት 4,000 ዶላር ከቤተሰብ ይጠበቃል። ስናሰላው 230,000 ብር ገደማ ነው። እኔ ዕቁቤን አስቀድሜ ልወስድ፣ እህቴ ሁለት በሬ ልትሸጥ፣ አያቷ በጎቿን ልትሰጥ ተስማማን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በጥቅምት ያው 4,000 ዶላር ወደ 450,000 ብር ሆነ። በሬዎቹ ግን ሁለት እንደሆኑ ቀሩ። ማታ ማታ እህቴ ጋ ቡና እየጠጣን ማንም ስለ ዶላር አያነሳም ነበር። መጨረሻ ላይ የጎደለውን የሞላው አዲስ አበባ ሚጣን ያጫወቷት የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል። «ስታሸንፈኝ ደስ ይለኝ ነበር» ነው ያሉኝ።

ጊዜም አልነበረንም። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ የቴኒስ ተጫዋች የተወሰነ ጊዜ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ሳይገባ መወዳደሩን ከቀጠለ ከመጫወቻ ዓመቱ ይቀነስበታል። ብሔራዊ ፈተናውን በሐምሌ ወሰደች፣ የአራት ዓመት ትራንስክሪፕት ተተረጎመ፣ 16 መሠረታዊ ትምህርቶች ተቆጠሩ። ቪዛው ቃለ መጠይቅ አራት ደቂቃ አልሞላም። ጥር 2017 ገደማ ተሳፈረች። አያቷ በሶና የመንዝ በርኖስ ቋጥራ ሰጠቻት። በርኖሱ ከሻንጣው ግማሹን ያዘ። ተዪው አልናት። አልተወችውም።

እዚያ ስትደርስ ክረምት ነው፤ በረዶ። ጨዋታው በአዳራሽ ውስጥ ነው፤ ወለሉ ፈጣን፣ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሮጣል። ቦታውም ጠበብ ይላል። መስመሩ ላይ ቆማ ኳሱን ሳይነሳ መምታት እዚያ ያስመሰግናል። አሰልጣኟ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ስትላት «ባሕር ዛፍ» አለቻት። ጸደይ ሲገባና ወደ ውጭ ሜዳ ሲወጡ ደግሞ ያው የናይሮቢው ጣጣ ተመለሰ። አሁንም ወደ ኋላ ማለት እየተማረች ነው። ከኋላዋ ሾጣጣ ምልክት ያስቀምጡላታል፤ እሱን ነክተሽ ተመለሺ እያሉ።

የኮሌጅ ጨዋታ እንደምናውቀው አይደለም። በቡድን ነው። መጀመሪያ ሦስት ጥንድ ይጫወታሉ፤ ሁለቱን ያሸነፈ አንድ ነጥብ። ከዚያ ስድስት ነጠላ፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ከሰባቱ አራት ያገኘ አሸነፈ። ዲዩስ (40 ለ40 እኩል) ላይ ሲደርሱ አንድ ኳስ ብቻ ትወስናለች። ስድስቱም ሜዳ ጎን ለጎን ነው፤ ሁሉም ይጮኻል። በዕድሜዋ ሙሉ የሚያጨበጭብላት አንድ አጎት ብቻ የነበራት ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ጩኸቱ ራስ ምታት ሰጣት። ከዚያ ራሷ ጯሂ ሆነች። በአማርኛ ትጮኻለች አሉኝ። «በርቺ» የሚለውን ቡድኑ በሙሉ ለምዶታል፤ የአሜሪካም፣ የብራዚልም፣ የቼክም ልጆች። ጠዋት ከአንዷ ጋር ትለማመዳለች፣ ከሰዓት ከሌላዋ። አንዷ ግራኝ ናት። ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ያለውን ደስታ መግለጽ አልችልም።

እዚህ ሜዳው አለ። ኖራው ታጥቧል። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት የጎረቤት ልጆች ራኬቱን እያዩ ይውላሉ፤ እስካሁን አላወረዱትም። እኔም ውሰዱ አላልኳቸውም።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቪዲዮ ላከችልን። ውጤቱ 3 ለ3 ነው። የቀረው የእሷ ሜዳ ብቻ፣ አምስተኛው ነጠላ። ሁለቱም ቡድን ሜዳዋን ከብቦ ቆሟል። ሦስተኛው ሴት 5 ለ5። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው። ሚጣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ስትል አየኋት፤ ሦስተኛውን አልጨመረችም። 7 ለ5 ተሸነፈች። መረቡ ጋ ሄዳ ተጋጣሚዋን አቀፈቻት፣ ረዥም ጊዜ።

እናቴ ቪዲዮው ካለቀም በኋላ ስልኩን አልመለሰችልኝም።

«ያቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም እማዬ። የሌላ ኮሌጅ ናት።»

«ደግማ ታገኛታለች?»

«አዎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገናኛሉ።»

«ደግ» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ።